ሁለተኛው ሰው፤ ስለ ማሞ ወልዴ ሕይወትና ሩጫ

(በክረምቱ ዕረፍት ወደ ጥሊሊ የሄድን የማኅበራችን አባሎች ለከተማው ተማሪዎችና ወላጆች ያሰማነው ንግግር ነው። ጽሑፉን ያልተገኙት ጓደኞቻችን ስለ ጠየቁን እንዳለ አትመነዋል። ዓመቶቹ በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)




የአረሙ ሥራ ሳያልቅ፤ ዝናቡም ሳያባራ ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ልትሰሙን በመምጣታችሁ ከሁሉ አስቀድመን ከልብ እናመሰግናለን። ከመካከላችን አዊኛ የሚናገሩት ጓደኞቻችን በየመሐሉ ስለሚያስረዱ፤ ያልገባ ነገር ቢኖር ሳታፍሩ እንድትጠይቁን እንለምናለን።

ስለ ምን እንደምንናገር ለመወሰን ብዙ ተከራክረናል። ባለፈው ሳምንት እዚሁ ጥሊሊ ከጥቂት ተማሪዎች ጋራ ሻይ እየጠጣን ስንጫወት፤ ስለ አበበ ቢቂላ ልንናገር ማሰባችንን ገለጽንላቸው። ከመካከላቸው የ12ኛ ክፍልን ፈተና ወድቆ ቤት የተቀመጠ አንድ ወጣት ነበር። «አበበማ ኦሊምፒክ ገና እንደ ወጣ ያሸነፈ ሰው ነው። መጀመሪያውኑ ያልተሳካለት ሰው ማንን ይመልከት?» ሲል ጠየቀን። በጊዜው መልስ አልነበረንም። እኛ ፈተናውን አልፈን ዩኒቨርሲቲ የገባን ሰዎች፤ ላልገባው ወንድማችን የምንነግረው አጥተን ዝም አልን።

ይህ ጥያቄ ደግሞ የአንድ ልጅ ጥያቄ ብቻ አይደለም። የ2014 ዓ.ም.ን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያገኙት ከመቶ ሦስት ያህሉ ብቻ ነበሩ። ከመቶው ዘጠና ሰባቱ ወዴት ይሂዱ? ማታ ተሰብስበን ስንወያይ ከእኛ አንዱ «ማሞ ወልዴስ?» አለ። እንግዲህ ዛሬ የምንናገረው ስለ እርሱ ነው። የሕይወቱን ደስ የሚያሰኘውንም፤ የማያሰኘውንም ክፍል እንነግራችኋለን።

ደጋጋ ማሞ ወልዴ በ1924 ዓ.ም. በሰኔ ወር፤ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ በሚገኘው በአድአ ወረዳ ተወለደ። አበበ ቢቂላም በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ስለ ተወለደ ሁለቱ የአንድ ዘመን ልጆች ናቸው። ሁለቱም የገበሬ አገር ልጆች ነበሩ፤ ሁለቱም አዲስ አበባ ገብተው የክብር ዘበኛ ወታደር ሆኑ። ማሞ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ዕድሜው ሳለ ከኢትዮጵያ ጦር ጋራ ወደ ኮሪያ ዘምቶ ነበር። በዚያ ዘመን በአገራችን ሩጫን እንደ ሙያ የሚያስተምር ቦታ ከጦር ሠራዊቱ በቀር እምብዛም አልነበረም። ኦኒ ኒስካነን የተባለው ስዊድናዊ አሠልጣኝ ወታደሮቹን በሥርዓት ማለማመድ የጀመረውም በዚያ ጊዜ ነው።

ኢትዮጵያ በኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካፈለችው በ1949 ዓ.ም. በኅዳር ወር በአውስትራሊያ አገር በሜልቦርን ከተማ ነው። ከሯጮቹ አንዱ የ24 ዓመቱ ማሞ ወልዴ ነበር። የተሰለፈው በማራቶን እንዳይመስላችሁ። በ800 ሜትር፤ በ1,500 ሜትርና አራት ሰዎች እየተቀባበሉ በሚሮጡት የ400 ሜትር ሩጫ ነበር። ውጤቱ ምን ሆነ? ከማጣሪያው አላለፈም፤ ከኋላ ቀርቶ ጨረሰ። ያን ያህል ባሕር ተሻግሮ ሄዶ፤ የአገሩን ስም ደረቱ ላይ ለጥፎ፤ ሰው ሁሉ እያየው ከኋላ መምጣት ምን እንደሚመስል አስቡት። ውጤቱ ተለጥፎ ስማችሁን ከሰሌዳው ላይ ያጣችሁ ልጆች ታውቁታላችሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንድትሉልን እንፈልጋለን። ማሞ በሜልቦርን የተሸነፈው ሩጫ ስለማይችል አልነበረም። የራሱ ባልሆነ ርቀት ስለ ተሰለፈ ነበር። 800 ሜትር ማለት የሩጫውን ሜዳ ሁለት ጊዜ መዞር ነው፤ ፍጥነትን ይጠይቃል። ረጅሙ ርቀት ግን ሌላ ሀብት ይጠይቃል፤ ይኸውም ሰፊ ትንፋሽ፤ ቀላል ሰውነትና ትዕግሥት ነው። ማሞ እነዚህ ሁሉ ነበሩት፤ ግን ገና አላወቃቸውም፤ ሌላም ሰው አላወቀለትም። ሰው በአንድ መለኪያ ተለክቶ አነሰ ሲባል፤ መለኪያው ለእርሱ ይሆን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ከአራት ዓመት በኋላ የሮም ኦሊምፒክ መጣ። ማሞ በዚያ አልነበረም። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፤ በአገር ቤት ሰው ችቦውን አዘጋጅቶ አዲሱን ዓመት በሚጠብቅበት ዋዜማ፤ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ የማራቶንን የወርቅ ሜዳልያ ወሰደ። ጊዜው 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ነበር። ከዚያች ሌሊት ጀምሮ አበበ የዓለም ሰው ሆነ። ማሞ ግን ያው የክብር ዘበኛ ወታደር እንደ ነበረ ቀረ። የአንድ ዓመት ልጅ የሆነ ጓደኛህ፤ አብሮህ የሚለማመድ ሰው፤ በአንድ ሌሊት እንዲህ ሲከብር ሁለት መንገድ አለ። አንዱ መቅናትና መተው ነው፤ ሌላው ከኋላው እየተከተሉ መማር ነው። ማሞ ሁለተኛውን መረጠ። ርቀቱንም ለወጠ።

በ1957 ዓ.ም. በጥቅምት ወር በቶኪዮ ማሞ በ10,000 ሜትር ተሰለፈ። አሜሪካዊው ቢሊ ሚልስ አንደኛ፤ የቱኒዚያው ጋሙዲ ሁለተኛ፤ አውስትራሊያዊው ሮን ክላርክ ሦስተኛ ሲወጡ፤ ማሞ አራተኛ ሆነ። ወንድሞቻችን፤ በኦሊምፒክ ከአራተኛነት የሚመር ነገር የለም ይባላል። ሜዳልያ የሚሰጠው ለሦስት ሰው ነውና አራተኛው ባዶ እጁን ይመለሳል። ሆኖም በሜልቦርን ከማጣሪያ ያላለፈው ሰው ከስምንት ዓመት በኋላ ከዓለም አራተኛ ሆኖ ነበር። ከጥቂት ቀን በኋላ በማራቶኑም ወጣ፤ ግን ሳይጨርስ ቀረ። አበበ ደግሞ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ከአምስት ሳምንት በኋላ ሮጦ ለሁለተኛ ጊዜ አሸነፈ። ጋዜጦቹ ሁሉ ስለ አበበ ጻፉ፤ በትክክልም ጻፉ። የማሞን አራተኛነት ያየው ግን ጥቂት ሰው ነው።

አሁን ወደ ሜክሲኮ እንሂድ። የ1961 ዓ.ም. ጥቅምት ነው። የሜክሲኮ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,240 ሜትር ላይ ትገኛለች። በእንዲህ ያለ ከፍታ አየሩ ስስ ስለ ሆነ፤ በቆላና በባሕር ዳርቻ ያደገ ሯጭ ትንፋሹ ያጥረዋል። እናንተ ግን እንጅባራ ላይ፤ ከ2,500 ሜትር በላይ በሆነ ደጋ፤ ገበያ ደርሳችሁ በእግራችሁ የምትመለሱ ሰዎች ናችሁና ይህ ለእናንተ እንግዳ ነገር አይደለም። ጥቅምት 3 ቀን በ10,000 ሜትር ማሞ ተሰለፈ። አያሌ የዓለም ክብረ ወሰን የያዘው ሮን ክላርክ ሩጫውን እንደ ጨረሰ ራሱን ስቶ ወደቀ። በመጨረሻው ዙር ማሞና የኬንያው ናፍታሊ ቴሙ ብቻቸውን ቀሩ። ማሞ ቀደመ፤ ቴሙ በመጨረሻዎቹ ሜትሮች አለፈው። የለያቸው የአንድ ሰከንድ ግማሽ ያህል ብቻ ነበር። ማሞ በ36 ዓመቱ የብር ሜዳልያ አገኘ፤ እንደገናም ሁለተኛ ሆነ።

ከሳምንት በኋላ፤ ጥቅምት 10 ቀን፤ ማራቶኑ ደረሰ። የዓለም ዓይን ሁሉ በአበበ ላይ ነበር። ሦስተኛ ወርቁን ይወስዳል ወይ? የሚለው ነበር ጥያቄው። አበበ ግን እግሩን ታሞ ነበር። 17 ኪሎ ሜትር ያህል ከሮጠ በኋላ መቀጠል አልቻለም። ማሞ ከብዙ ዓመት በኋላ እንደ ተናገረው፤ አበበ በሩጫው መካከል ጠርቶት እንደማይጨርስ ነገረው፤ አደራውንም ሰጠው፤ ለኢትዮጵያ ማሸነፍ ያለብህ አንተ ነህ አለው።

ይህን ቦታ ስናነብ ሁላችንም ዝም ብለን ቆይተናል። ስንት ዓመት በአንድ ሰው ጥላ ሥር የኖረ ሰው፤ ያ ሰው በመንገድ ላይ ሲወድቅ ምን ይሰማዋል? ደስታም ሐዘንም ይሆናል። ፈረስ የምታውቁ አባቶቻችን፤ ጥር 23 ቀን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ሲወጡ የምታዩ፤ ግንባር ቀደሙ ፈረስ ሲደክም ከኋላ ያለው ወይ አብሮ እንደሚደነብር፤ ወይ መሪነቱን እንደሚይዝ ታውቃላችሁ። ማሞ መሪነቱን ያዘ። ከሳምንት በፊት ያሸነፈው ቴሙ አብሮት ቆይቶ ወደ ኋላ ቀረ። ከዚያ በኋላ ማሞ ብቻውን ነበር። 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ጨርሶ ስታዲየሙ ሲገባ፤ ሁለተኛው ሰው ጃፓናዊው ኪሚሃራ ገና ከሦስት ደቂቃ በላይ ይቀረው ነበር። ከሮም እስከ ሜክሲኮ በተከታታይ ሦስት ጊዜ የማራቶን ወርቅ ለኢትዮጵያ ሆነ። በሜልቦርን ከኋላ የቀረው ልጅ ከ12 ዓመት በኋላ ከፊት መጣ።

የሚቀጥለው ዓመት ሳይደርስ፤ በዚያው በ1961 ዓ.ም. በመጋቢት፤ አበበ በመኪና አደጋ ተጎድቶ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። ማሞ ግን መሮጡን አልተወም። በ1964 ዓ.ም. መጨረሻ የኦሊምፒክ ውድድር በጀርመን አገር በሙኒክ ተደረገ። በዚያ ውድድር ከእስራኤል ቡድን 11 ሰዎች ስለ ተገደሉ፤ ጨዋታው ለአንድ ቀን ተቋርጦ በሐዘን የቀጠለ ነበር። ማራቶኑ የተሮጠው ጳጉሜን 5 ቀን፤ እንደ ሮም ሁሉ በዘመን መለወጫ ዋዜማ ነው። ማሞ 40 ዓመት ሆኖት ነበር። አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተር አንደኛ፤ የቤልጂጉ ሊስሞንት ሁለተኛ፤ ማሞ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ8 ሰከንድ ሦስተኛ ሆኖ የነሐስ ሜዳልያ ወሰደ። ይህ ጊዜ አበበ በሮም ወርቅ ካገኘበት ጊዜ በስምንት ሰከንድ ያህል የፈጠነ መሆኑን ስናሰላ እኛም ተገርመናል። አበበ በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ በክብር እንግድነት እዚያው ሙኒክ ነበር። በዚያ ሩጫ አራተኛ የወጣው ኬኒ ሙር የሚባል አሜሪካዊ ነበር። ይህን ስም ያዙልን፤ ወደ እርሱ እንመለሳለን። በጥር 1965 ዓ.ም. ደግሞ ማሞ በሌጎስ በተደረገው የመላው አፍሪካ ጨዋታ የማራቶንን ወርቅ አገኘ።

ንግግራችንን እዚህ ላይ ብናቆመው ደስ ባለን ነበር። ከአባሎቻችን አንዳንዶቹም «እዚህ ላይ ይብቃ፤ የቀረውን ለልጆቹ መንገር ተስፋቸውን መስበር ነው» ብለው ነበር። ሌሎቻችን ግን ግማሹን ብቻ የምንነግር ከሆነ አላከበርናችሁም ብለን ተከራከርን። በመጨረሻ የሁለተኛው ሐሳብ አመዘነ።

አበበ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ሞተ። በዚያው ዓመት አብዮቱ ፈነዳ፤ በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ የንጉሡ መንግሥት ወደቀ፤ ክብር ዘበኛም ፈረሰ። ከዚያ የመጣውን ዘመን አባቶቻችንና እናቶቻችን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። ቀይ ሽብር በተባለው ጊዜ አያሌ ወጣቶች፤ ብዙዎቹም እንደ እኛ ያሉ ተማሪዎች፤ ተገደሉ። ደርግ በ1983 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ማሞ ወልዴ ታሰረ። የቀረበበት ክስ በቀይ ሽብር ጊዜ በአንድ ወጣት ግድያ ተካፍሏል የሚል ነበር። እርሱ አልገደልኩም ብሎ ተከራከረ። ፍርድ ሳያገኝ ወደ ዘጠኝ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ በእስር ቆየ። በ1994 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ ጥፋተኛ ነው ብሎ የስድስት ዓመት እስራት ፈረደበት፤ ከዚያ በላይ ታስሮ ስለ ነበር ተለቀቀ። በነጻነት የኖረው ጥቂት ወራት ብቻ ነው። ግንቦት 18 ቀን 1994 ዓ.ም. በ69 ዓመቱ በሕመም አረፈ።

እኛ ዳኞች አይደለንም። በዚያ ዘመን ልጅዋን ያጣች እናት እንባ እውነተኛ እንባ ነው፤ ገዳዩ ሜዳልያ ቢኖረውም ባይኖረውም የልጅዋ ደም አይቀልም። አንድ ሰው ሳይፈረድበት፤ ከተፈረደበትም ጊዜ አብልጦ መታሰሩ ደግሞ ፍትሕ ሊባል አይችልም። ሁለቱም እውነት ናቸው። አንዱን ለመያዝ ሌላውን መጣል አያስፈልገንም። ጀግናን እንደ ታቦት ማየት የለመድን ሰዎች፤ እንከን ሲገኝበት ወይ እንክደዋለን፤ ወይ እንከኑን እንደብቃለን። ማሞ ሰው ነበር። ሰውም በዘመኑ ውስጥ ይኖራል። በ42 ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ መቼ እንደሚፈጥንና መቼ እንደሚታገሥ ያወቀ ሰው፤ የዘመኑን ጎርፍ ግን በሩጫ ሊያመልጠው አልቻለም።

አሁን ወደ ኬኒ ሙር እንመለስ። በሙኒክ አራተኛ የወጣው፤ ማሞ በግማሽ ደቂቃ ያህል ቀድሞት ባዶ እጁን የተመለሰው ያ አሜሪካዊ፤ በኋላ ጋዜጠኛ ሆኖ ነበር። ማሞ መታሰሩን በሰማ ጊዜ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ እስር ቤት ድረስ ሄዶ ጠየቀው፤ ታሪኩንም ጽፎ በአገሩ በሚታተም ታላቅ የስፖርት መጽሔት አወጣው። ከዚያ በኋላ የብዙ አገር ሰዎች ስለ ማሞ ጉዳይ መጠየቅና መጻፍ ጀመሩ። ሜዳልያውን የወሰደበትን ሰው፤ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ፤ ውቅያኖስ ተሻግሮ በእስር ቤት የጠየቀ ሰው ነው። ታስሬ ብትጠይቁኝ የሚለውን ቃል እናንተ ከእኛ በላይ ታውቁታላችሁ። እኛ ግን ይህን ስናነብ ወደ ራሳችን ተመለከትን። ፈተና አብረን ተቀምጠን እኛ ስናልፍ የቀሩትን ጓደኞቻችንን ስንቶቻችን ሄደን ጠየቅን? ከመካከላችን አንዱ እዚሁ አካባቢ አብሮት የተማረ ጓደኛው ከወደቀ ወዲህ አንድ ጊዜ እንኳ ደውሎለት እንደማያውቅ በዚያች ማታ ነገረን። በማግስቱ ቤቱ ድረስ ሄዶ ጠየቀው።

እንግዲህ ጥያቄ ለጠየቀን ወንድማችን የምንመልሰው ይህን ነው።

በመጀመሪያ፤ የመጀመሪያው ውጤት የሚናገረው በዚያ ቀን፤ በዚያ ርቀት የሆነውን ብቻ ነው። ማሞ በ800 ሜትር ቢቀር ማራቶን ነበረለት። አንተም ፈተናውን እንደገና ልትወስደው ትችላለህ፤ ወይም ርቀትህ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ የእጅ ሙያ፤ ንግድ፤ እርሻ ሊሆን ይችላል። ርቀትን መለወጥ ሽንፈት አይደለም። ነገር ግን ርቀትን የሚለውጥ ሰው ልምምዱን አይተውም። ማሞ 12 ዓመት ሙሉ ማለዳ ተነሥቶ ሮጧል። እኛም «አይዞህ፤ ይሳካል» ብለን ብቻ ብንሄድ እናታልልሃለን። ብዙ የለፋ ሁሉ ወርቅ አያገኝም፤ ሳይለፋ ግን የሚያገኝ የለም።

በሁለተኛ ደረጃ፤ ከጓደኛ ኋላ መሆን ውርደት አይደለም። አበበ ባይኖር ማሞ ያን ያህል ሯጭ ባልሆነ ነበር፤ ማሞ ባይኖር ደግሞ አበበ አደራውን የሚሰጠው ሰው ባጣ ነበር። ቀድሞ የሄደ ሰው መንገዱን ያሳያል፤ የተከተለው መንገዱን ይጨርሳል። ስለዚህ ማኅበራችን ከዚህ ክረምት ጀምሮ፤ ወደ ትምህርት ቤት እስክንመለስ ድረስ፤ ፈተናውን እንደገና ለሚወስዱት ተማሪዎች በሳምንት ሦስት ቀን በሒሳብ፤ በእንግሊዝኛና በፊዚክስ ትምህርት ለመስጠት ወስኗል። ክፍያ የለውም። ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ ኑ። የእኛንም ጉድለት እየነገራችሁን እንማማር።

በሦስተኛ ደረጃ፤ ለወላጆች አንድ ልመና አለን። የወደቀ ልጅ ቤት ውስጥ ሲቀመጥ፤ ጎረቤት «ያ ያንተ ልጅ እንዴት ሆነ?» ሲል፤ ነገሩ እንደሚያማችሁ እናውቃለን። ያ ልጅ ግን ከእናንተ ይልቅ ታሟል። ከሜልቦርን የተመለሰውን የ24 ዓመት ወታደር «አገር አዋረድክ፤ ጫማህን ስቀል» ብለውት ቢሆን ኖሮ፤ የሜክሲኮን ወርቅ ማን ያመጣልን ነበር?

ይህን ካልን በኋላ፤ ጥያቄውን ያቀረበልን ወንድማችን አሁን በመካከላችሁ ተቀምጧል። ስሙን አንጠራም፤ ግን አመስግነነዋል። ንግግራችን ለእርሱ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነውና። መልሱ ካልበቃው፤ ነገም ከነገ ወዲያም እዚሁ ነን፤ ይጠይቀን።

 ዘመኑን የሰላምና የትምህርት ዘመን ያድርግልን።